አራሷ ቀበሮ

ባለፈው ሳምንት ከሰሜን ክፍለ ከተማ ተሳፍረን ወደ ውቅሮ ስንወጣ፣ የልጅ ልጄ በሚኒባሱ መስኮት ጣቱን ቀሰረ። ከመንገዱ ዳር ባለች ኮረብታ ላይ፣ ከሽቦ አጥር ውስጥ አንዲት ሚዳቋ ጆሮዋን አቁማ ታየናለች። ከኋላችን የተቀመጠ ጎልማሳ፣ “ሚዳቋዎቹ እንዲህ የረቡት ቀበሮው ተፈጅቶ ነው” አለ። ዞር አልኩና፣ “ማንም አልፈጀም፤ እዚያው ነበርኩ” አልኩት።

ያኔ ያች ኮረብታ ዛፍ አልነበራትም። እኔ ከወሎ የመጣሁ ኮረዳ ነበርኩ፤ ከሴቶች ጋር ድንጋይ እሸከም ነበር። ከአካባቢው የጠፋችው ሚዳቋ እንድትመለስ ኮረብታው ይታጠራል፤ ቀበሮ ከሥር ቆፍሮ እንዳይገባ የሽቦው እግር በድንጋይ ይቀበራል። ከሩቅ የመጡት ሚዳቋዎች ጠባብ በረት ውስጥ ሆነው ይጠብቁ ነበር። የበለስ ወቅት ስለነበር ምሳችን በለስ ነው፤ እሾሁ ከጣታችን አይጠፋም።

አጥሩ ሊገጥም አንድ ክፍተት ብቻ ሲቀረው ከውስጥ ጉድጓድ ተገኘ። ቀበሮ ወልዳለች። አለቃችን በማግስቱ በበርበሬ ጭስ ከነቡችሎቿ እንድትታፈን አዘዘ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሚዳቋዎቹ በበረቱ ውስጥ እየከሱ ስለነበር ነው።

ድንጋዬን አስቀመጥኩ።

“አራስ ከቤቷ አትባረርም” አልኩ። “እኛ ሳንመጣ እዚህ ነበረች።”

ሳቁብኝ። ግንበኛው አያ ገብሩ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው፣ “ጓል ወሎ፣ አንቺ የወሎ ልጅ፣ ክርስትናው መቼ ነው? ወንድ ነው ሴት የወለደችው?” አለኝ።

“ሁለቱንም” አልኩት። ፊቴ እንዴት እንደጋለ እስካሁን ትዝ ይለኛል። ከሁላችን ትልቋ፣ እናቴ ለማለት ‘አደይ’ የምንላቸው ለተብርሃን ግን ድንጋያቸውን ከድንጋዬ ጎን አኖሩ። ሌሎቹም ተከተሉ። አለቃው ቆሞ አየን፣ አየንና ቡችሎቹ እስኪጠኑ ክፍተቱ ይቆይ አለ። ለሚዳቋዎቹ ቅጠል የማመጣው ግን እኔ እንድሆን ፈረደብኝ፣ ያለ ክፍያ። ፍርዱ ትክክል ነበር፤ ተቀበልኩ።

አንድ ማለዳ ቅጠሌን ተሸክሜ ስመጣ አያ ገብሩን ከክፍተቱ ውጭ ተጎንብሶ አገኘሁት። ከልኳንዳ የለመነውን አጥንት መሬት ላይ ያስቀምጣል። ሲያየኝ አፈረ።

“አራስ ባዶ እጅ አትጠየቅም” አለኝ።

ከዚያ ወዲያ አጥንቱን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ራቅ እያደረገ ያኖር ጀመር፤ ቀበሮዋም ተከተለችው። በመጨረሻ ቡችሎቿን አስከትላ ወጣች፤ ከማዶ ካለው ገደል ሥር ሌላ ጉድጓድ ያዘች። ክፍተቱን እኔና እሱ ዘጋነው፤ የበረቱም በር ተከፈተ።

ጎልማሳው ይህን ሁሉ ሰምቶ፣ “ታዲያ አደይ፣ ዶሮዬን የበላው የእሷ ዘር ነዋ!” አለኝ። ሚኒባሱ በሳቅ ሞላ።

“ለቀሩት ዶሮዎችህ አጥር እጠርላቸው” አልኩት። አጥር አልጠላም። ከመገጠሙ በፊት ግን አንድ ሰው ዞር ብሎ ከውስጥ ማን እንዳለ ይይ።