አሰፋች ያጠለለችው ናፍታ

እንደሻው የሚስቱን የአሰፋችን አርባ አውጥቶ ወደ ሥራው ከተመለሰ ሰንበትበት ብሏል። ያን ቀን ከሮቤ ገብስ ጭኖ ሲመጣ አሮጌዋ አይሱዙ ዳገት ላይ ትንፋሽ አጠራት። ነዳጅ ሲሰጣት ትንገጫገጫለች እንጂ አትጎትትም። በአንደኛ ማርሽ እየዳኸች አሰላ ገባች።

መካኒኩ ቦና ጋቢናዋን ገልብጦ ውስጧን አየና ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና እኮ በዕድሜ ትበልጠኛለች። አንቱ ልበላት እንዴ?»

«ሥራህን ሥራ።»

«የናፍታ ፊልትሮዋ ታፍኗል። መቀየር አለበት።»

«እሱ አይነካም። ሌላ ነገር ፈልግ።»

ቦና ቀና ብሎ አየው።

እንደሻውና አሰፋች አብረው ኖሩ ሲባል ቤት ውስጥ ብቻ አልነበረም። እሷ ገብስ ትገዛለች፣ እሱ ይጭናል፤ ከሳጉሬም ከሁሩታም ጎን ለጎን ተቀምጠው ይመለሳሉ። ማደያ ናፍታ ሲጠፋ መንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጠውን ይገዛሉ። አሰፋች ታዲያ ያንን ናፍታ እንዲሁ አታስቀዳም። ያረጀ ነጠላ አጣጥፋ የታንከሩ አፍ ላይ ታደርግና ቀስ እያለች ታጠልላለች። እንደሻው «እናት ሆንሽላት!» እያለ ሲያሾፍባት፣ «አንተ ያልጠለለ ጠላ ትጠጣለህ?» ትለው ነበር። እጇ ቢታጠብም ናፍታ ናፍታ ይሸት ነበር።

ለዚህ ነው ፊልትሮው ታፍኗል መባሉ የከበደው። የአሰፋች ናፍታ ቆሻሻ ነበረው የተባለ መሰለው። ከእጇ ሥራ የተረፈ ነገር ካለም እዚያ ውስጥ ያለው ነው ብሎ ያስብ ነበር።

«ጋሼ፣ እንዲሁ ከነዷት ፖምፓዋ ይሄዳል» አለ ቦና። «እሱ ከሄደ መኪናም የለችዎት፣ እንጀራም የለ።»

«እሷ በነጠላ አጥልላ የቀዳችው ነው እያልኩህ!»

ቦና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ ያጠለሉትማ ድሮ ተቃጥሎ አልቋል። ከዚያ ወዲህ ማን አጠለለልዎት?»

ማንም አላጠለለም። እንደሻው ጀሪካኑን አንስቶ እንዳለ ነበር የሚገለብጠው።

«ፍታው» አለ በመጨረሻ።

ቦና ፊልትሮውን ፈትቶ በውስጡ ያለውን ቆርቆሮ ላይ ደፋው። ውሃ፣ ጥቁር ዝቃጭ፣ እንደ አሸዋ የደቀቀ ዝገት። እንደሻው አጎንብሶ ብዙ አየው። ከዚያ ውስጥ የእሷ የሆነ ነገር አልነበረም።

ቦና አዲሱን አስሮ፣ ከናፍታ መስመሩ አየሩን አስወጥቶ ሞተሩን አስነሳ።

«ሰሙልኝ? ኮረዳ ሆነች!» አለ እጁን እየጠራረገ። «ከእንግዲህ ግን እርስዎ ራስዎ ያጥልሉ። ለመሆኑ እትዬ ነጠላውን ስንት እጥፍ ነበር የሚያደርጉት?»

እሷ ስታጠልል እንደሻው ማዶ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ነበር የሚጠብቃት። ከዚያ የሚታየው ጀርባዋ ነው።

«እንጃ» አለ። «እንጃ፣ ልጄ።»