ቢጫ ሸሚዝ የለበሱት እናት

በአሜሪካ፣ በፔንሳኮላ ባሕር ዳር፣ ተጓዦች መኪናቸውን አቁመው በሚያድሩበት ሰፈር፣ ቤት የሚያህለውን የጉዞ መኪናውን ወደ ኋላ የሚያስገባ ሰው ሲመጣ ሁላችንም ወንበራችንን አዙረን እናያለን። አንዱ ጎልማሳ ሁለቴ ሞክሮ ዛፍ ሊገጭ ደረሰ።

«ቤትህን ባሕር ልትከተው ነው እንዴ?» አለው ከተመልካቾቹ አንዱ።

እናቱ የነተበ ቢጫ ሸሚዛቸውን አስተካክለው ከኋላ ቆሙ። «ዛፉን ተወው! በመስታወቱ እጄን ብቻ እይ!»

እጃቸው ሳይቸኩል ጠራው፤ መኪናው እንደ ጥጃ ተከተላቸው። ክንዳቸውን ከራሳቸው በላይ ሲያጣምሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። አጨበጨብን።

በማግስቱ በባሕር ኃይል አውሮፕላኖች ሙዚየም አየኋቸው። ከአንድ ጄት ፊት፣ በጦር መርከብ ላይ አውሮፕላን በእጅ ምልክት የሚመራ ሰው ምስል ቢጫ ሸሚዝ ለብሶ ቆሟል።

«አያቴ፣ ያንቺን ሸሚዝ ለብሷል!» አለች የልጅ ልጃቸው።

«ክንዱን ግን አላጣመረም። እኔ በዚህ ሥራ ላይ ሳለሁ አንድም ጄት ባሕር አልከተትኩም» አሉና ራሳቸው አጣምረው ለምስሉ አሳዩት።

ከወዲያ አይስክሬም ይዞ የሚመጣው ልጃቸው ባለበት ቀጥ ብሎ ቆመ።