አሥራ አንድ ቀን መርዶ ስጠብቅ

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ጽሑፌ እንደ ግንቤ ቀጥ አይልም። ዕድሜዬን ሙሉ ግንበኛ ነበርኩ፤ እዚህ አምቦም ጊንጪም የሠራኋቸው አጥሮች እስካሁን ቆመዋል። ሰፈሬ ግን የሚያውቀኝ በሌላ ነገር ነው። ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ የምናገረው እኔ ነበርኩ። ማንም አልሾመኝም። ድምፄ አይንቀጠቀጥም፣ ቃልም አላበዛም፤ ለዚህ ይመስለኛል የሚመርጡኝ።

መርዶ ሥርዓት አለው። ወሬው እንደደረሰ አይነገርም። የሩቅ ዘመድ እስኪመጣ ይጠበቃል። ባለጉዳዩ ብቻውን እንዳይሆን ጎረቤት እየተፈራረቀ ይገባል፣ ይወጣል። ከተነገረው በኋላ እህል አይወርድለትምና ቀድሞ ጠግቦ እንዲበላ ይደረጋል። ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ፣ ከቤቱ ሳይወጣ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው በሩን ያንኳኳሉ። በሩን የከፈተው ሰው እኛን ሲያይ ወዲያው ያውቃል። እኔ የምናገረው እሱ አውቆ ከጨረሰ በኋላ ነው።

ከአጥሬ ወዲያ ባሏ የሞተባት፣ በዕድሜ የምንቀራረብ ሴት አለች። አንድ ልጇ አረብ አገር ሞተችባት። ወሬው ረቡዕ ደረሰን። ወንድሟ ከሸነን እስኪመጣ፣ በዓሉም እስኪያልፍ ተባለና ስምንት ቀን ያዝነው። አጠገቧ እንድሆን የታዘዝኩት እኔ ነኝ። በመሀል በርበሬዋን ቀምማ ጨረሰችና፣ «ወደዚያ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ፤ ለልጄ ልልክላት ነው። ወፍጮ ቤት አድርስልኝ» አለችኝ። ተሸክሜ ወሰድኩ። ወረፋ ጠብቄ አስፈጨሁ። ስመልስላት ቀመሰችው፣ አስነጠሳት፣ ሳቀች። «ይሄንን ስትበላ ታስታውሰኛለች» አለች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

ለቅሶው አልፎ ሰው ሲበተን በአጥሩ በኩል ጠራችኝ።

«በርበሬዬን ስታስፈጭ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ፊቷን አዙራ ቤቷ ገባች። ከዚያ ወዲህ እግሯ ቤቴን ረግጦ አያውቅም ነበር። ላለመጉዳት ብለን ነው እያልኩ አራት ዓመት አለፈ። ግትር ነኝ፤ ይቅርታ አልጠየቅኳትም።

እኔም ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን ነኝ። አንድ ወንድ ልጅ አለኝ፣ ከነቀምት ወዲያ ያስተምራል። ይህ በሆነበት ዓመት ወደዚያ አገር ስልክ ተቋርጦ ነበር። የልጄን ድምፅ ከሰማሁ ከወር በላይ ሆኖኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ከዩኒቨርሲቲ አንዲት ልጅ ወረቀት ይዛ መጣች። የምታጠናው ሥነ ልቦና ነው፤ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌዎችን ትጠይቃለች።

«አባባ፣ ሲከፋዎት የሚያዋዩት ሰው አለ?»

«የለም።»

«ሲታመሙስ የሚደርስልዎት?»

«እሱም የለም።»

«አንድም ሰው?»

«ልጄ፣ ወረቀትሽ ላይ ባዶ የሚጻፍበት ቦታ የለም እንዴ?»

ሳቀችና ምልክት አደረገች። እውነቴን አልነበረም። ደጋግማ ስትጠይቀኝ ተናድጄ ነው።

ሦስት ቀን ቆይቶ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው አናጢ በሳህን ምግብ ይዞ ገባና በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አለኝ።

«አካም ቡልተን ኦቦ። ባለቤቴ ጨጨብሳ ላከችልዎት።»

«ምን ተገኘ? አምና መጋዝህን ስለምንህ የከለከልከኝ ሰው አይደለህም?»

«መጋዝና ጨጨብሳን ምን አገናኛቸው? ይብሉ ዝም ብለው።»

እስክበላ ድረስ ቁጭ ብሎ አየኝ። በማግስቱ ባለሱቋ መጣች። ከዚያ የእድራችን ዳኛ ራሱ መጣ፤ በዓል ካልሆነ የማይመጣ ሰው ነው። ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ አወራ፣ ሊወጣ ሲል በር ላይ ቆሞ፣ «ስልክ ሠራልዎት?» አለኝ።

«ለምን ጠየቅከኝ?»

«እንዲሁ ነው።»

እንዲሁ ነው። ስንቱ ሰው ፊት ቆሜ ያልኳት ቃል ናት። ዳኛው ሲወጣ በልቤ፣ ልጄ ሞቷል፤ ዘመድ እየጠበቁ ነው አልኩ።

አልጠየቅኳቸውም። ብጠይቅ የሚመልሱልኝን አውቀዋለሁ፤ እኔም ስጠየቅ የምመልሰው እሱን ነው። ይልቅ ሥርዓቱን ስለማውቅ ቀን ለማራዘም ሞከርኩ። ያመጡልኝን ግማሹን እተዋለሁ። ጠግቤ ካልበላሁ አይነግሩኝም ብዬ ነው። «አልበሉም እኮ» ይሉኛል፣ ነገ ይበልጥ ይዘው ይመጣሉ። ልጄ ሳይኖር ሳሉ ከጓዳ የሚሰማኝ ይመስለኛል። በሳሉ ጀርባ የአናጢው ቀልድ ይመጣል፣ እስቃለሁ። ስስቅ ደግሞ ፊታቸውን አያለሁ፤ ያኔ የእኔም ፊት እንዲህ ነበር ማለት ነው። የምስቀው ሳቅ የዚያች ሴት እየመሰለኝ መጣ።

ዳኛው ከመጣ በአሥራ አንደኛው ቀን ደከመኝ። ያመጡልኝን ሁሉ ጨርሼ በላሁ። ማለዳ ተነስቼ ታጠብኩ፣ ጋቢዬን ለበስኩ፣ አግዳሚውን ለሽማግሌዎቹ አስተካከልኩ። እንዳያንኳኩም በሩን ከፍቼ ተቀመጥኩ።

የገባችው ያችው ባለበርበሬዋ ጎረቤቴ ናት። ቤተክርስቲያን ልትሄድ ስትወጣ በሬ ተከፍቶ አየች።

«ምነው በሩ? አመመህ እንዴ?»

አራት ዓመት ያልገባች ሴት ስትገባ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገኝም።

«ሌሎቹ የት አሉ?» አልኳት።

«እነማን?»

«ንገሪኝ። አንቺ እንኳ አትደብቂኝ። ልጄ መቼ ነው የሞተው?»

አግዳሚውን አየች፣ ጋቢዬን አየች። እሷ አይታ እስክትጨርስ ልጄን ቀበርኩት።

«ማንም አልሞተብህም» አለች ቀስ ብላ። «ያቺ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ናት። ብቻቸውን የሚኖሩትን ጎረቤት እየጠየቃቸው ቢሰነብት ልባቸው ይቀለው እንደሆነ ልታጠና ነው። ዳኛው ደግሞ፣ ‹ለጥናት ነው ካልነው እሱ በር አይከፍትም፤ ዝም ብላችሁ ግቡ› አለ።»

«እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን የሆነ ነገር ፈጥሬ እነግርሽ ነበር።»

«ያኔ ‹ልጄ ደህና ናት?› ብዬ ብጠይቅህስ?»

«ደህና ናት እልሽ ነበር።»

ነጠላዋን ሰበሰበችና ፊቴ ተቀመጠች። «በልጄ አፈር እምልልሃለሁ፤ ልጅህ ሞተ ብሎ የነገረን ሰው የለም። ደህና ነው ብዬ ግን አልምልልህም። ስልክ የለም፣ እኔም አላውቅም።»

አመንኳት። ደህና ነው ብላ ብትምል ኖሮ አላምናትም ነበር።

«ያኔ ስምንቱ ቀንሽ እንዲህ ነበር?» አልኳት።

«የለም። አንተ ሰሞኑን በልብህ ስታለቅስ ሰነበትክ። እኔ ያኔ ሳላውቅ ደስ ብሎኝ ነው የሰነበትኩት። እሱን ነው ያልማርኩህ።»

ይቅር በዪኝ አልኳት። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ማርኩህም አላለች፣ አልምርህምም አላለች። ቅዳሴ ረፈደብኝ ሳትል እስከ ረፋድ ተቀመጠች።

እሷ በገባች በስድስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። «አባዬ፣ ኔትወርክ ተለቀቀ። ደህና ነህ? ሄሎ? ይሰማል?» ይሰማኛል፤ መልስ ግን አልወጣኝም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ዘጋና እንደገና ደወለ።

ልጅቷ ለሁለተኛ ጊዜ ወረቀቷን ይዛ መጣች። «ሰዎች ሊጠይቁዎት መምጣት ከጀመሩ ወዲህ ስሜትዎ እንዴት ነው? ተሻሽሏል፣ አልተለወጠም፣ ብሶበታል?» የሆነውን ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አባባ፣ እኔ ነኝ የጎዳሁዎት?»

«የመጡት ወደውኝ ነው። እኔም ያኔ ሴትዮዋን የደበቅኳት አዝኜላት ነው። ከእንግዲህ የምትልኪያቸው ሰዎች ግን ለምን እንደመጡ በር ላይ ይናገሩ። እሱን ጻፊው።» ጻፈችው። የትኛው ቦታ ላይ ምልክት እንዳደረገች አላየሁም።

ጎረቤቶቼ አሁንም ይመጣሉ። እበላለሁ፣ እንጫወታለን። ፊታቸውን ማየቱን ግን መተው አልቻልኩም። ስለዚህ ያችን ሴት አንድ ነገር ለመንኳት፦ ክፉ ወሬ የመጣ ቀን ሽማግሌ ሳትጠብቂ፣ ዘመድ ሳትጠብቂ፣ በዚያችው ሰዓት አንቺ ንገሪኝ። እሺ አለችኝ።

ማለዳ ማለዳ ቤተክርስቲያን የምትሄደው በደጄ ነው። ነቅቼ የእግሯን ኮቴ አዳምጣለሁ። ደጄ ጋ ሲደርስ ትንፋሼን እይዛለሁ። ካለፈ በኋላ ተነስቼ እሳት አያይዛለሁ።