በቁሟ የተለቀሰላት ሯጭ

ወንድሜ ስልክ ሲደውል ከቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን በማጠፍ ላይ ነበርሁ። ድሬዳዋ በጠዋቱ ወበቋን ጀምራለች። ወንድሜ እንደ መንዝ ሰው ሁሉ መርዶ ቶሎ አያወጣም። ስለ ገብሱ ነገረኝ፣ ውርጩ ባቄላውን እንዴት እንዳቃጠለው ነገረኝ፣ ከዚያ ጤንነቴን ለሁለተኛ ጊዜ ጠየቀኝ።

«ምነው?» አልሁት።

«ስንቅነሽ አረፈች። ሯጯ። ሬሳዋን ከአዲስ አበባ አምጥተን ትናንት ቀበርናት።»

አማተብሁ። «ለቅሶውስ?»

«ምን ለቅሶ አለው? ይዘን የምንወጣው ልብስ አጣን። በሕመሟ ጊዜ ያላትን ሁሉ ለነዳያን ሰጥታ ጨርሳለች አሉ። ባዶ እጃችንን ሜዳውን ዞረን ገባን።»

በእኛ አገር ሰው ሲሞት ልብሱ ለቅሶ ሜዳ ይወጣል። የወንዱ በርኖስ፣ የሴቷ ቀሚስ በዘመድ እጅ ከፍ ብሎ ይዞራል፤ አልቃሿም እሱን እያየች ትገጥማለች። ልብስ የሌለው ለቅሶ ሰው የሌለበት ቤት ይመስላል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለስንቅነሽ ልብስ መጥፋቱ ሳይሆን ልብሷ አንድ ጊዜ ያለ ጊዜው መውጣቱ ነው ያንገበገበኝ።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ መሐል ሜዳ ከተማ የምማር ኮረዳ ነበርሁ፤ እሷ ደግሞ ስሟ በሬዲዮ የሚጠራ፣ በውጭ አገር ከተሞች ለአገሯ የሮጠች። ልጅ ሳለሁ በኅዳር ብርድ በአገራችን ሣራም ጋራ በጓሳ መንገድ ስትሮጥ ከአፏ የሚወጣውን እንፋሎት አይ ነበር። በኋላ የእግሯ ጅማት ተበጠሰና እናቷ ቤት ተመልሳ ገባች። በመጀመሪያ ሰው ሁሉ ዳቦ ተሸክሞ ሊጠይቃት ሄደ። እየቆየ ቀረ። ጭብጨባ የለመደን ሰው ምን ብለው እንደሚያጫውቱት ግራ ይገባል መሰለኝ።

ጥር ላይ፣ ገብሱ ተወቅቶ ከገባ በኋላ፣ እያነከሰች ቤታችን መጣች።

«እትዬ በለጡ፣ ያለቀ ልብስ አይጠፋዎትም?» አለቻት እናቴን።

«በመንዝ ደግሞ ምን ልብስ ያልቃል? ይጣፋል እንጂ!» አለች እናቴ እየሳቀች።

በሄደችበት አገር ያየችውን ነገረችን። የአንድ ሰፈር ሰዎች ያረጀ ልብሳቸውን ሰብስበው በአንድ ትልቅ ጨርቅ ላይ እየሰፉ ሰፈራቸውን ሥለውታል። «እኛም ጓሳችንን እንስፋ» አለች፤ «ሣሩን፣ በጎቹን፣ የሮጥሁበትን መንገድ። የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ራቁቱን ነው፤ እዚያ እንሰቅለዋለን።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይህ ከሆነልኝ እዚሁ እኖራለሁ፣ እትዬ። ካልሆነልኝ ግን ምን ልሠራ እቀመጣለሁ?» አለች።

እናቴ ተነሥታ የሟች አባቴን ያረጀ ባና፣ ያን ከበግ ፀጉር የተሠራ ወፍራም ልብስ፣ ከመደቡ ላይ አወረደች።

ከሰዓት በኋላ አውድማችን ላይ መሰብሰብ ጀመርን። የማዳበሪያ ከረጢት አጥበን፣ እያጋጠምን ሰፍተን፣ ሁሉ የሚሰፋበትን ትልቅ ጨርቅ አበጀን። ጥቁሩ ባና ተራራ ሆነ፤ የተማሪ ሹራብ ሰማይ ሆነ። ክሩን ሴቶቹ ከበጎቻችን ፀጉር በእንዝርት ይፈትሉ ነበር። የገብስ ቆሎ መሐል ላይ ይቀመጣል፤ በአንድ እጅ ቆሎ፣ በአንድ እጅ መርፌ። ቆሎና የበግ ፀጉር አንድ ላይ ሲሸቱ ያን አውድማ የማላስታውስበት ጊዜ የለም፤ እዚህ ግን የት ይሸታል።

ጎረቤታችን እማማ ደብሪቱ የባላቸውን ሱሪ ከተራራው ጫፍ ተሰፍቶ ሲያዩ፣ «አንቺ ልጅ፣ የኔን ሰውዬ ተራራ አደረግሽው? ከተጋባን ወዲህ ከፍ ሲል ያየሁት ዛሬ ገና ነው!» አሉ። ባልየው ከአጥሩ ሥር ሆነው፣ «ከላይ ሆኜ አይሻለሁ፣ ደብሪቱ!» ብለው መለሱላቸው።

የእያንዳንዱ ቤት ጨርቅ ጠርዙ ይተረተር ነበር። ስንቅነሽ አንድ ቀን አረንጓዴ ማሊያዋን አምጥታ መቀስ አገባችበት። ጮኽንባት።

«ስሮጥ እናንተን ለብሼ ነበር የሮጥሁት፤ አሁን እናንተ ልበሱኝ» አለችና በቀጭን በቀጭኑ ቆርጣ የሁሉንም ጠርዝ ቀመቀመችበት። ቁጥር ያለበትን የደረቱን ብቻ ሳትቆርጥ ከመንገዱ መሐል ሰፋችው።

ሥራው ያለቀ ጊዜ፣ ግድግዳው ላይ ከመውጣቱ በፊት አገር ይየው ተባለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት እንጨት ተክለን ሰቀልነው። የት? ለቅሶ ሜዳው ላይ። ለጥ ያለና ሰፊ እሱ ብቻ ነበራ፤ ሌላ ነገር ያሰበ የለም። ነፋሱ ሲገባበት በጎቹ የሚሄዱ ይመስሉ ነበር። ቄሳችን መምሬ እንኳ «ግሩም ነው» አሉ።

ከግሼ በኩል ለዘመድ ጥየቃ የሚመጡ ሰዎች በዚያ ሰዓት ጋራው ላይ ብቅ አሉ። ከሩቅ ያዩት የወጣ ልብስ፣ የተሰበሰበ ሕዝብ፣ መሐል ላይ የሚያውቁት ማሊያ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ደረታቸውን እየመቱ ወረዱ።

«ወይኔ ስንቅነሽ! ወይኔ የአገር እግር!»

መጀመሪያ ሳቅን። ስንቅነሽም ሳቀች፤ እጇን እያወዛወዘች «አለሁ! አለሁ!» አለቻቸው። ከዚያ ሳቁ ከዳር ጀምሮ ጠፋ። እማማ ደብሪቱ ቆመው ነበር።

«በቁም ሰው ተለቀሰ» አሉ። «ለቅሶ ላይ የወጣ ልብስ ባለቤቱን ይጠራል፤ የልጄን ሸሚዝ እዚህ ላይ አልተውም።» ሄደው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት።

«ይህ ሟርት ነው፤ ክርስቲያን በሟርት አያምንም!» ብለው መምሬ ተቆጡ። እሳቸው ይህን ሲናገሩ ባለቤታቸው ከኋላ የእሳቸውን አሮጌ ካፖርት እየፈቱ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማን ይመለስ። እናቴም እያለቀሰች የአባቴን ባና አወጣች። ጓሳ ከነሣሩ፣ ከነበጎቹ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ በየቤቱ ገባ። ባዶው ከረጢትና የማሊያው ደረት ብቻ ቀሩ። ስንቅነሽ ደረቱን ፈትታ ብብቷ ውስጥ ከተተችው።

«እንግዲህ ሳልሞት አለቀሳችሁልኝ» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «ስሞት ዕዳ የለባችሁም።»

ዐቢይ ጾም ሳይገባ በደብረ ብርሃን አውቶቡስ ሄደች። ከዚያ በኋላ ለእንግድነት እንጂ ለመኖር አልመጣችም። ብዙ ጊዜ አስባለሁ፤ ያን ቀን ነፋስ በርትቶ ሳንሰቅለው ብንቀር ኖሮ፣ ወይም እንግዶቹ ግድግዳ ላይ ቢያዩት ኖሮ። ሞትን ከእሷ ያራቅን መስሎን እሷን ከእኛ አራቅናት። ፈጣሪ የልባችንን ያውቃል፤ ክፋት አልነበረም። ግን ክፋት ባይሆንም ሰው ያጣል።

ስዳር እናቴ ያን ባና ሰጥታኝ ነበር። ለድሬዳዋ ሙቀት ምን ይሆናል፤ ሣጥን ውስጥ ኖረ። ከመርዶው በኋላ አወጣሁት። ብል በልቶታል፤ አረንጓዴው ጠርዝ ግን እንደ ተቀመቀመ ነው። ትናንት ለወንድሜ በአውቶቡስ ልኬዋለሁ።

በዚያ ሜዳ የነበራችሁ፣ እናቶቻችሁ እዚያ ነበሩና ያለፉባችሁም፣ እባካችሁ መደባችሁን፣ ሣጥናችሁን፣ የሕፃን መጠቅለያችሁን እዩ። ጠርዙ አረንጓዴ የሆነ ጨርቅ ካገኛችሁ፣ ብጣሽም ቢሆን፣ ለአርባዋ ይዛችሁ ውጡ። አሁን ጊዜው ነው፤ ማንም አይፈራም። ልብሷ እናንተ ቤት ነው ያለው።