ምኑ ነው «ገና»?

ጎረቤቴ ዘሃራ ዛሬ ሐይቅ ከተማ ላይ የልብስ ስፌት የብቃት ምዘና ውጤቷን ተቀበለች። «ገና ብቁ አይደለችም» ይላል።

«ወንድምዬ፣ ምኑ ነው ገና? ኮሌታው ነው እጅጌው?» ብላ መዛኙን ጠየቀችው።

«እኅቴ፣ እኛ ውጤት እንጂ ምክንያት አንናገርም» አላት። እሱም የታከተው ይመስላል።

«ወላሂ፣ እኔ የማውቀው ገና ክርስቲያን ጎረቤቶቼ የሚያከብሩትን ነው። እሱ እንኳ ቀኑ ይታወቃል!»

ተሰላፊው ሁሉ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። የምስክር ወረቀቱ ከሌላት ስፌት ቤቱ አይቀጥራትም፤ ካልቀጠራት ደግሞ ወደ ጅዳ፣ ወደ ሰው ቤት ሥራ መመለሷ ነው።

ድጋሚ ተመዘኚ ተብላለች። የሳተችውን ሳታውቅ ምኑን ትለማመድ?

ስለ ምዘና ስዘግብ ዓመታት አልፈዋል፤ ጥያቄው ያው ነው።

እናንተስ፣ ጉድለታችሁ ሳይነገራችሁ «ድገሙ» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ።

ዘሃራ ግን አቤት ብላለች፤ ምክንያቱ ይነገራት ወይስ አይነገራት የሚለውን የምዘና ማዕከሉ ኃላፊ ሰኞ ይወስናሉ።