ዘካሪያ በእጁ የሞላው ዓመት

ዘካሪያ ከኮምቦልቻ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ጥገና ክፍል በጡረታ ሲወጣ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር በጨረታ ገዛ። ማሽኑ ዊንዶውስ መሸከም አቅቶት ስለነበር ሊኑክስ የሚባለውን ቀላል ሥርዓት ጫነበት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉም መንዙማ ጻፈበት። ቦሩ ሜዳ፣ ገራዶና ደጋን እየሄደ ከሽማግሌዎች አፍ በስልኩ ይቀዳና ቤቱ ተመልሶ ቃል በቃል ይተይባል፤ ለእያንዳንዱ ቦታ አንድ ፋይል ነበረው። ከተየበ በኋላ ስልኩ እንዳይሞላ ድምፁን ያጠፋዋል።

ከሁሉም የሚሳሳለት የደጋኗ እመት ሐዋ የሰጡትን ነበር፤ ሃያ ሦስት መንዙማ። ከእናቴ በቀር ሲለው የሰማሁት ሰው የለም ይሉ ነበር። እመት ሐዋ ባለፈው ረመዳን አረፉ። ልጃቸው ፈትሂያ የታተመውን የእናቷን ቃል ለመውሰድ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ እመጣለሁ ብላ ላከችበት።

አሮጌው ሊኑክስ ግን የገዛውን ፕሪንተር አላውቅም አለ። ዘካሪያም አዲሱን ሥርዓት ከነምንጭ ኮዱ አውርዶ እዚያው ማሽን ላይ ከኮዱ ገጣጥሞ ሊገነባው ተነሣ። አስቀድሞ ጽሑፎቹን ወደ ትርፍ ዲስኩ ገለበጠ፤ ትእዛዙ በየወሩ የሚጠቀምበት ነው፤ ዲስኩ ላይ ካለው ቅጂ አዲስ የሆነውን ብቻ ይተካል። ከዚያ የማሽኑን ሆድ ከነጽሑፎቹ ባዶ አደረገ።

ግንባታው አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ፤ አላለቀም። ግማሽ ይደርስና ተመልሶ ከመጀመሪያው ይነሣል። ዘካሪያ ሜሞሪውን አወጣ፣ ጠረገ፣ መለሰ። የኮዱን ፋይል ሁለት ጊዜ እንደገና አወረደ። ዓርብ ጠዋት ቢቸግረው ደሴ ላይ ኮምፒውተር የሚጠግነውን ወዳጁን አሮንን ጠራው።

አሮን ከመጀመሪያው ያሳዩኝ አለ። ዘካሪያ ማሽኑን ከፈተ። ሰዓትና ቀን የሚይዝለት የውስጥ ባትሪው ከሞተ ሦስት ዓመት ስለሆነው፣ እንደ ልማዱ ቀኑን በእጁ ሞላ።

«ጋሽ ዘካሪያ፣ ይሄን ዓመት ከየት አመጡት?»

«ከግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ነዋ። ዘንድሮ 2017 አይደለም?»

አሮን ሳቀ። «ለእኔና ለእርስዎ ነው። እሱ በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው፤ 2025 ላይ ነን። ያወረዱት ኮድ በሙሉ ለእሱ ገና ከስምንት ዓመት በኋላ የሚጻፍ ነው። ግራ ገብቶት ነው የሚዞረው።»

አሮን ዓመቱን አስተካከለ። አመሻሹ ላይ ግንባታው አለቀ፤ ማሽኑም በአዲሱ ሥርዓት ተነሣ። አሮን እንኳን ደስ አለዎት ብሎ እጁን ዘረጋ። ዘካሪያ አልጨበጠውም፤ በልቡ ሂሳብ ይዞ ነበር። ባትሪው ሳይሞት በፊት የጻፈው ሁሉ ማሽኑ ራሱ የያዘው የፈረንጅ ዓመት አለበት፤ መጨረሻው 2022። ከዚያ ወዲህ የጻፈው 2014፣ 2015፣ 2016፣ 2017 ይላል። አዲስ የሆነውን ብቻ ተካ ሲለው፣ ትእዛዙ የሦስት ዓመት ሥራውን አሮጌ ነው ብሎ ትቶታል። ያውም በየወሩ፣ ያለ አንድ ቃል።

ትርፍ ዲስኩን ሰካና የደጋንን ፋይል ከፈተ። ከእመት ሐዋ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አሉ። ከዚያ በታች ነጭ ነው።

አሮን የተደመሰሰውን ለመመለስ የሚያውቀውን ሁሉ ሞከረ። በማሽኑ ዲስክ ላይ ግን አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ሲጻፍበት ከርሟል። በመጨረሻ ጃኬቱን አነሣና፣ በዝግታ፣ ይቅርታ ብሎ ወደ ደሴ ወጣ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፈትሂያ ከደጋን በሚኒባስ መጣች። ዘካሪያ አንዱንም ሳይደብቅ ነገራት። አልተቆጣችም፤ ስንቱ ተረፈ ብቻ አለች። ሁለት አላት። ከዚያ ወንበሩን ወደ ኪቦርዱ አስጠግቶ፣

«ከእናትሽ የሰማሽው ይኖራል። ስንኝም ትሁን፣ አዝማችም ትሁን፤ አሁኑኑ እንጻፈው» አላት።



«እኔ ምኑን አውቄው ጋሼ» አለች ፈትሂያ። «ነይ ተቀመጪ፣ በቃልሽ ላስይዝሽ ባለችኝ ቁጥር፣ ጋሽ ዘካሪያ ጽፈውት የለም ወይ እላት ነበር።»