ኮምፒውተሩ ላይ ያፈሰስኩት ጠበል

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ፈርቼ ነው። አሁንም እፈራለሁ፤ የማደርገውን ግን አውቃለሁ። የተማርኩት ፊደል እስከ መለየት ነው፤ ይህን ለመጻፍ ይበቃኛል።

ልጄ ትርንጎ እንጅባራ ቤታችን ጓዳ ውስጥ ሙዚቃ ታቀናብራለች። ያን ጊዜ አብራት የምትሠራው ጓደኛዋ ፈቲያ ነበረች፤ አባቷ ዳንግላ ጨርቅ ይሸጣሉ። ኪቦርዱን የምትጫወተው እሷ ነበረች። አንድ ቀን ሁለቱ ተባብረው እንጉርጉሮዬን ቀዱኝ፤ የሞተው የበኩር ልጄ የሞላ ስም ያለበትን።

«እማማ፣ እርስዎ እንዲህ ካንጎራጎሩማ እኛ ሥራ ልንፈታ ነው!» አለችኝ ፈቲያ። ሳቅን።

በማግስቱ ገበያ ወጡ። ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ ነው፤ የፈቲያ ሻይም በብርጭቆ አጠገቡ አለ። ሄድፎኑን ጆሮዬ ላይ አደረግሁና ትርንጎ ስትነካው ያየሁትን ቁልፍ ተጫንኩ። «ሞላ» የሚል የራሴ ድምፅ መጣ። ከዚያ በግራ ጆሮዬ «ሞላ» አለ። በቀኝ «ሞላ» አለ። ደግሞ በግራ። አብሮ የሚመታውን ከበሮ ሳይስት፣ እየራቀ፣ እየደከመ።

እኔ ያደግሁት ጥርባ ሐይቅ አጠገብ ነው። ሐይቁ ዳር ሲመሽ አንዴ ብትጠሪ አቤት አትበዪ፣ ሰው ከሆነ ይደግማል ተብለን ነው ያደግነው። ይሄ ደግሞ ሰው በሌለበት፣ በእኔው ድምፅ ደገመ፤ ሠለሰ! ልጄን እንዲህ የሚጠራው ማን ነው? ወዴትስ ሊወስደው ነው? የጠበሏን ጀሪካን አነሳሁ። በስመ አብ ብዬ ረጨሁ። መርጨት ብቻ አይደለም፣ አፈሰስኩ። ብርጭቆውንም በክንዴ ገለበጥኩት። የተቃጠለ ነገር ሸተተ፤ ድምፁ ጠፋ።

ትርንጎ ስትመለስ ዓይኗ ብርጭቆው ላይ አረፈ።

«ሻይ ይዘሽ አትግቢ ስንቴ ልበልሽ!»

«ወላሂ ጠረጴዛው ጥግ ነው ያስቀመጥኩት» አለች ፈቲያ።

«እማ፣ አንቺ ገብተሽ ነበር?»

እኔ ምን አልኩ? «ስገባ ተደፍቶ ነው ያገኘሁት» አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ፈቲያ ዓይን ዓይኔን አየችኝ፤ ኪቦርዷን አቅፋ ወጣች። የደከሙበት ዘፈን ሁሉ ጠፋ፤ ጓደኝነታቸውም በዚያው ቀረ።

ኋላ ትርንጎ ሌላ ኮምፒውተር ገዝታ አሳየችኝ። «ዲሌይ ይባላል እማ። የገደል ማሚቶ በይው። ከከበሮው ፍጥነት ጋር አስሬው ነው፤ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ይመልሰዋል።» ለካ የጠራሁትም የመለስኩትም እኔው ነበርኩ። ታዲያ ያን ቀን ለምን አልጠየቅሁም? ፈርቼ ነው ልበል? ጠበሉን ያስፈሰሰኝ ፍርሃት ነው። ውሸቱን የዋሸሁት ግን ልጄ ፊት ላለማፈር ነው። ለዚህ ሰበብ የለኝም።

በቀደም ሚኒባስ ተሳፍሬ ዳንግላ ሄድኩ። ፈቲያ በአባቷ ሱቅ ጨርቅ ትለካለች።

«እማማ! እንጉርጉሮዎን ትርንጎ ጨረሰችልዎት?» አለችኝ፣ ወንበር እየሳበችልኝ።

«ነጠላ ፈልጌ ነው» አልኳት። ነጠላ ገዝቼ ተመለስኩ። ልብ በሉ፣ ነጠላ!

ከእንግዲህ ግን እንዲያ አልመለስም። ይህን መጀመሪያ ትርንጎ ታነበዋለች። ከዚያ አብረን ዳንግላ እንወርዳለን፤ እምቢ ካለችኝ ብቻዬን። እናንተን ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅርታው የፈቲያ ነው፤ ብትነፍገኝም መብቷ ነው። እናንተ ይህን ብቻ ያዙልኝ፦ ሻዩ የፈቲያ ነበር፤ ያፈሰሰው እጅ ግን የእኔ ነው።